ቤቱ ሲበላ ለሠራተኛው ምን ይደርሰዋል? የትልልቅ ካዚኖዎች ሥራ ሲብራራ

ሩሌት ጠረጴዛ ላይ ገንዘቡን የተበላ ሰው ቀና ብሎ መጀመሪያ የሚያየው ኳሷን ያሽከረከረውን ሠራተኛ ነው። አንዳንዱ ይሳደባል። አንዳንዱ «ያንተ እጅ አይሆነኝም፣ ሌላ ሰው ይምጣ» ይላል። ዝም ብሎ ተነስቶ የሚሄድም አለ። ሠራተኛው ግን ከተበላው ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። እንዲያውም ልቡ የሚመኘው ተጫዋቹ እንዲቀናው ነው፤ ቲፕ የሚሰጠው የበላ ሰው ነዋ።

ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ካርታ የሚያድለው ሠራተኛ፣ በሙያው ስም ዲለሩ፣ የቤቱ፣ ማለትም የካዚኖው፣ ትርፍ ተካፋይ ይመስለዋል። አሜሪካ በ2025 የቲፕ ግብርን የሚነካ ሕግ ካወጣች ወዲህ ደግሞ ስለ ካዚኖ ሠራተኞች ገቢ ብዙ ይወራል፤ ከሚወራው ብዙው ሥራውን በቅርብ ካለማየት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምሳሌዎቹን በብዛት የምወስደው ከላስ ቬጋስ ነው። ዓመታቱም ወራቱም ቀናቱም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካዚኖ ገንዘቡን የሚያገኘው በማታለል ነው?

አይደለም፤ ማታለል አያስፈልገውምም። በአሜሪካው ሩሌት ላይ ኳሷ የምታርፍባቸው 38 ቦታዎች አሉ፤ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች፣ ዜሮ እና ድርብ ዜሮ። አንድ ሰው በ38ቱም ላይ አንድ አንድ ዶላር ቢያስይዝ 38 ዶላር አወጣ ማለት ነው። ኳሷ የትም ብታርፍ የሚመለስለት 36 ዶላር ነው፤ 35ቱ ያሸነፈው፣ አንዱ ያስያዘው። ሁለት ዶላር ቤቱ ጋ ቀረ። ከመቶ ሲሰላ 5.26 ይመጣል። የቤቱ ብልጫ የሚባለው ይህ ነው።

የደላላን ሥራ አስቡ። ሻጩ ቢያተርፍ ገዢው ቢያተርፍ ደላላው ኮሚሽኑን ይወስዳል። ካዚኖውም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ደላላው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ሲቆርጥ፣ ካዚኖው የሚያገኘው ከብዙ መቶ ሺህ ዙር ድምር መሆኑ ነው። በአንድ ምሽት አንድ ተጫዋች ቤቱን ሊያራቁት ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ሒሳቡ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ለሠራተኛው ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ሥራው ማሸነፍ አይደለም፤ ጨዋታው ሳይቆምና ሳይዛነፍ በፍጥነት እንዲሄድ ማድረግ ነው። በሰዓት 40 ዙር የሚያጫውት ዲለር 60 ዙር ቢያጫውት፣ ያው ብልጫ በ60 ይባዛል። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ግን እሱ አይደለም። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21 የሞላለት ሰው በ10 ዶላር መደብ 15 ዶላር ያገኝ ነበር፤ አሁን በላስ ቬጋስ ዋና ጎዳና፣ ስትሪፕ በሚባለው ሰፈር፣ መደባቸው ዝቅ ያለ ብዙ ጠረጴዛዎች የሚከፍሉት 12 ነው። ለውጡን የወሰነው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው። «ሦስቱ ዶላር የት ገባ?» ተብሎ የሚጠየቀው ዲለሩ ነው።

አሠሪው በትክክል ማን ነው?

ላስ ቬጋስ የምትገኝባት የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በሰፊው የፈቀደችው በ1931 ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የካዚኖ ባለ አክሲዮን ሁሉ ተመርምሮ ፈቃድ ማግኘት ስለነበረበት፣ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ወደ ዘርፉ ለመግባት አይመቻቸውም ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ባለ አክሲዮኖችን አንድ በአንድ ማን ይመረምራል? በ1967 እና በ1969 የወጡት ሕጎች በሩን ከፈቱላቸው። ዛሬ ስትሪፕ ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች ብዙዎቹን የሚያስተዳድሩት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ ኤምጂኤም ሪዞርትስ እና ሲዛርስ ኢንተርቴይንመንት።

«የሚያስተዳድሩት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሕንፃው ብዙ ጊዜ የእነሱ አይደለም። ኤምጂኤም በ2019 ቤላጂዮ የሚባለውን ሆቴል ሕንፃና መሬት በ4.25 ቢሊዮን ዶላር ብላክስቶን ለሚባል የኢንቨስትመንት ኩባንያ ሸጦ መልሶ ተከራይቶታል፤ የመነሻው ዓመታዊ ኪራይ 245 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሲዛርስ ፓላስ፣ ኤምጂኤም ግራንድ እና ቬኒሽያን የሚባሉት ሆቴሎች ያረፉበት ንብረት ባለቤት ደግሞ ቪቺ የሚባል የሪል እስቴት ኩባንያ ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ስም የተከራዩ ነው፤ አከራዩን እንግዳው አያውቀውም።

ይህ ሁሉ የባለሀብቶች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ግን ቤት ተከራይቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ ገበያ ኖረም አልኖረም ኪራይ ይከፈላል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ታዲያ ቶሎ ሊቀነስ የሚችለው የሠራተኛ ሰዓት ነው። በካዚኖ ቋንቋ «ኧርሊ አውት» የሚባል ነገር አለ፤ ጠረጴዛዎቹ ባዶ ሲሆኑ ፈረቃው ሳያልቅ «ወደ ቤቱ መሄድ የሚፈልግ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጁን ከትምህርት ቤት ለሚቀበል ሰው እፎይታ ነው። የወሩ መጨረሻ ለደረሰበት ሰው ግን ያልተከፈለ ሰዓት ነው።

ሥራው እንዴት ይገኛል?

በመጀመሪያ፣ ካዚኖ ሲባል ዲለር ብቻ ማሰብ ስህተት ነው። ስትሪፕ ላይ ካሉት ትልልቅ ቤቶች ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአልጋ፣ ከምግብ፣ ከመጠጥና ከትርኢት ነው የሚመጣው። ስለዚህ አብዛኛው ሠራተኛ አልጋ አንጣፊ፣ ወጥ ቤት፣ አስተናጋጅ፣ ሻንጣ ተሸካሚ፣ ጥበቃ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እንግዳው የማያየው ሌላ ከተማ ከኋላ አለ፤ ረጃጅም ኮሪደሮች፣ ዩኒፎርም የሚታደልበት መስኮት፣ በነፃ የሚበላበት የሠራተኞች መመገቢያ። ሠራተኛ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ በኩል ነው።

ዲለር መሆን የሚፈልግ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በማሠልጠኛ ይማራል። ከዚያ ፈተና አለ፤ ኦዲሽን ይሉታል። እውነተኛ ተጫዋቾች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ለደቂቃዎች እንዲያጫውት ይደረጋል፣ አለቃው ቆሞ እጁን ያያል። የማመልከቻ ወረቀት የቱንም ያህል ቢያምር እጅ የተንቀጠቀጠበት ሰው ይመለሳል። ያለፈውም ወዲያው ቋሚ አይሆንም። ብዙዎች የሚጀምሩት «ኤክስትራ ቦርድ» በሚባለው መዝገብ ነው፤ ሰው ሲጎድል ወይም በዓል ሲሆን ይጠራሉ።

ሌላው ቅድመ ሁኔታ የመንግሥት ምዝገባ ነው። በኔቫዳ በቁማር ሥራ ላይ የሚሰማራ ሠራተኛ በቁማር ተቆጣጣሪው ቦርድ መመዝገብ፣ አሻራ መስጠትና በየአምስት ዓመቱ ማደስ አለበት። ስርቆት ወይም ማጭበርበር የተገኘበት ሰው የሚያጣው አንድን ሥራ ብቻ አይደለም፤ በግዛቱ ያለው የካዚኖ በር ሁሉ ሊዘጋበት ይችላል። በቻይናዋ የካዚኖ ከተማ በማካው ደግሞ ሌላ ገደብ አለ፤ ዲለር ሆነው እንዲሠሩ የሚፈቀድላቸው የዚያው ነዋሪዎች ብቻ ናቸው።

ከተቀጠሩ በኋላ ደግሞ ወረፋው የሚያዘው በቆይታ ዘመን ነው። ካዚኖ አይዘጋም፤ ቀኑ በሦስት ፈረቃ ይከፈላል፤ ዴይ (የቀን)፣ ስዊንግ (የምሽት) እና ግሬቭያርድ (የሌሊት)። ፈረቃና የዕረፍት ቀን ሲመረጥ ነባሩ ይቀድማል። አዲሱ ሠራተኛ ከእኩለ ሌሊት እስከ ጧት ይሠራል፣ የሚያርፈውም ማክሰኞና ረቡዕ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜን ከቤተሰቡ ጋር ለማሳለፍ ዓመታት የሚጠብቅ ሰው አለ። ከሥራው ክብደት ሁሉ ትዳርን የሚፈትነው ይህ ይመስለኛል።

ዲለሩ ጠረጴዛውን ሲለቅ ለምን ያጨበጭባል?

ካዚኖ የገባ ሰው አይቶት ይሆናል፤ ተረኛው ሲመጣ የቆመው ዲለር እጆቹን አንዴ አጨብጭቦ መዳፉን ወደ ላይና ወደ ታች ያገላብጣል። ሰላምታ አይደለም። ለካሜራው ነው። «በእጄ ምንም አልያዝኩም» ማለቱ ነው። አፍንጫውን ሊያክ ወይም ኪሱ ውስጥ ሊገባ ቢፈልግም መጀመሪያ ይህን ማድረግ አለበት።

ሥራው ሁሉ በዚህ መርህ ላይ ቆሟል፤ ማንም ሰው ብቻውን ገንዘብ አይነካም፣ የተነካውም ሁሉ ይታያል። ተጫዋች ጥሬ ገንዘብ ሲሰጥ ዲለሩ ከእጅ አይቀበልም፤ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ኖቶቹ ተዘርግተው ይቆጠራሉ፣ ከዚያ በጠባቧ ቀዳዳ ወደ ተቆለፈው ሣጥን ይገባሉ። ቁልፉ እሱ ጋ የለም። ሣጥኑን የሚሰበስቡት ሌሎች፣ የሚቆጥሩት ሌሎች ናቸው፤ በመቁጠሪያ ክፍል የሚለበሰው ቱታ ኪስ የለውም። ዲለሩን የወለል ተቆጣጣሪው ያየዋል፣ ተቆጣጣሪውን ፒት ቦስ የሚባለው አለቃ፣ ሁሉንም ደግሞ ከጣሪያው ያሉት ካሜራዎች።

በየቀኑ እንደ ተጠርጣሪ መታየት ይከብዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያው ካሜራ ጠበቃም ነው። ተጫዋች «አንድ መቶ አስይዤ ነበር» ብሎ ሲጮህ ዲለሩ አይከራከርም፤ ተቆጣጣሪውን ይጠራል፣ ቀረጻው ይታያል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ካሜራ ባይኖር ኖሮ የአንድ ደመወዝተኛ ቃል በአንድ ባለገንዘብ ደንበኛ ቃል ፊት ምን ያህል ይቆም ነበር?

ደመወዙ ስንት ነው?

ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ላይ ነው። የዲለር መነሻ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ከሕጉ ዝቅተኛ ክፍያ እምብዛም አይርቅም። በኔቫዳ ዝቅተኛው ክፍያ ከሐምሌ 2024 ወዲህ በሰዓት 12 ዶላር ነው፤ አሠሪው ቲፕን ቆጥሮ ከዚህ መቀነስ አይፈቀድለትም። የፌዴራሉ ሕግ ግን ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በእጁ የሚከፍለውን እስከ 2.13 ዶላር ዝቅ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ ቲፑ ተጨምሮ ዝቅተኛውን ክፍያ መሙላት አለበት። ስለዚህ «የካዚኖ ሠራተኛ ደመወዝ» የሚባል አንድ ነገር የለም፤ እንደ ግዛቱ ይለያያል።

ኑሮን የሚያቆመው ቲፕ ነው። ዲለሮች «ቶክ» ይሉታል። ብዙ ሰው የሰጠው አምስት ዶላር በቀጥታ ወደ ዲለሩ ኪስ የሚገባ ይመስለዋል። በአብዛኞቹ ትልልቅ ካዚኖዎች እንደዚያ አይደለም። ዲለሩ ቺፑን፣ በገንዘብ ፋንታ የሚያገለግለውን ክብ ነገር፣ መታ አድርጎ ለካሜራው ካሳየ በኋላ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። የሃያ አራት ሰዓቱ ቲፕ በሙሉ ይጠራቀማል፣ ከዲለሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ይቆጥሩታል፣ በተሠራው ጠቅላላ ሰዓት ተካፍሎ ለእያንዳንዱ እንደ ሰዓቱ ይደርሰዋል። የዕቁብ ያህል መተማመን የሚጠይቅ ነገር ነው። ፖከር ላይ የሚሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸውን ይይዛሉ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የተመደበውም ሰው አይራብም። ጉዳቱም አለ፤ ፈገግ ብሎ እንግዳ የሚያጫውተውና ፊቱን አጥቁሮ የሚውለው እኩል ይካፈላሉ። በሠራተኞች መመገቢያ ከሚነሡ ክርክሮች ይህን የሚያህል የለም።

ግብሩስ? ለዓመታት ብዙ ካዚኖዎች ከአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። በስምምነቱ ለየሥራ መደቡና ለየፈረቃው በሰዓት ይህን ያህል ቲፕ ይገኛል ተብሎ ይተመናል፣ በስምምነቱ የገባ ሠራተኛም ግብሩ በዚያ ተመን ይሰላል። ከተመኑ በላይ ያገኘበት ቀን ለራሱ ተመቸው፤ ያላገኘበት ቀን ግን ላላየው ገንዘብ ተቆረጠበት። በሐምሌ 2025 የተፈረመው ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ባሉት ዓመታት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ ፈቅዷል። «ቲፕ ከግብር ነፃ ሆነ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ቅናሹ ገደብ አለው፣ ገቢው ከፍ ባለ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፣ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚቆረጠው መዋጮም እንዳለ ነው።

የሠራተኛ ማኅበር ምን ያህል አቅም አለው?

በላስ ቬጋስ ይህ ጥያቄ የሚያገናኘው ከሊነሪ ከሚባለው ማኅበር ጋር ነው። በ1935 የተመሠረተ ሲሆን ወደ 60,000 የሚጠጉ አባላት አሉት፤ አልጋ አንጣፊዎች፣ ወጥ ቤቶች፣ አስተናጋጆች፣ ሻንጣ ተሸካሚዎች። ዲለሮች የዚህ ማኅበር አባላት አይደሉም፤ የተደራጁት በሌሎች ማኅበራት ሥር ነው፣ ብዙዎቹም ጭራሽ ማኅበር የላቸውም።

ማኅበሩ የሚታወቅበት ታሪክ የፍሮንቲየር ሆቴል አድማ ነው። መስከረም 21 ቀን 1991 ወደ 550 ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። አድማው ያበቃው በ1998 መጀመሪያ፣ ሆቴሉ ለሌላ ባለቤት ሲሸጥ ነው። በስድስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ከአድመኞቹ አንድም ሰው መስመሩን ጥሶ ወደ ሥራ አልተመለሰም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ከእነዚያ ሰዎች መካከል በአድማው ዓመታት ልጅ የወለዱም፣ የሞቱም ነበሩ።

የቅርቡን እንይ። በኅዳር 2023 ከተማዋ የፎርሙላ 1 ውድድር ልታስተናግድ ቀናት ሲቀሯት ማኅበሩ የአድማ ቀን ቆርጦ ነበር። ኤምጂኤም፣ ሲዛርስና ዊን ሪዞርትስ ቀኑ ሳይደርስ ተስማሙ። ውሉ ወደ 40,000 ሠራተኞችን ይመለከታል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ በድምሩ 32 በመቶ የሚሆን ጭማሪ፣ ከዚህም 10 በመቶው በመጀመሪያው ዓመት። ለአልጋ አንጣፊዎቹ ግን ከገንዘቡ እኩል ያስደሰታቸው ነጥብ ሌላ ነው፤ ክፍሎች በየቀኑ እንዲጸዱ የሚያደርገው አንቀጽ። ከውጭ ሲታይ ሥራ የሚያበዛ ይመስላል። እንግዳ ሦስት ቀን ያደረበትንና ማንም ያልገባበትን ክፍል በአንድ ጊዜ ማጽዳት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ግን ይገባዋል፤ የቆሻሻው ክምር፣ የደረቀው መታጠቢያ ቤት፣ ሰዓቱ ደግሞ ያው። በዚያ ላይ ክፍል በየቀኑ ካልጸዳ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ለጤናስ?

ለረጅም ሰዓት መቆም፣ ያንኑ የእጅ እንቅስቃሴ መደጋገም፣ መስኮትና ሰዓት በሌለበት አዳራሽ ሌሊትን መግፋት አለ። ለዚህም ነው ዲለሮች አብዛኛውን ጊዜ በየሰዓቱ 20 ደቂቃ ያህል የሚያርፉት። ከሁሉ የከፋው ግን ጭሱ ነው። የኔቫዳው የ2006 የማጨስ ክልከላ የቁማር አዳራሾችን አይነካም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ የማያጨሱ ዲለሮች ሽንት ሲመረመር ከትንባሆ የሚመጣ የካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ምልክት በፈረቃው መጨረሻ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገልጾ፣ ማጨስ እንዲከለከል መክሯል። በሌላዋ የአሜሪካ የካዚኖ ከተማ በአትላንቲክ ሲቲ ያሉ ዲለሮች በ2024 ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስደውታል። ማካው ከ2019 ጀምሮ ማጨስን ለብቻ በተከለሉ ክፍሎች ወስናለች፤ ስለዚህ ማድረግ አይቻልም የሚለው ክርክር አያስኬድም።

ሌላው አደጋ ቁማሩ ራሱ ነው። የካዚኖ ሠራተኞች በቁማር ሱስ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚል የተጠና ነገር ነው። ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኛው በራሱ ቤት እንዳይጫወት ይከለክላሉ። ማካው ባሰበት፤ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ የካዚኖ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደ ቁማር አዳራሽ እንዳይገባ በሕግ አግዳለች።

ሥራው ዋስትና አለው?

ኩባንያው ትልቅ ስለሆነ ሥራውም የጸና ይመስላል። መጋቢት 2020 ኔቫዳ በወረርሽኙ ምክንያት ካዚኖዎቿን ዘጋች፤ የተከፈቱት ሰኔ 4 ቀን ነው። ኤምጂኤም ወደ 62,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ አሰናብቶ ነበር፤ ከእነዚህ 18,000 ያህሉ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጨርሶ ከሥራ እንደተሰናበቱ ተነገራቸው። በግዛቱ በሚያዝያ ወር ሥራ አጥነት ወደ 30 በመቶ ደርሶ ነበር። አንድ ከተማ በአንድ ሥራ ላይ ሲቆም የሚሆነው ይህ ነው።

ቴክኖሎጂውም የራሱን ወስዷል። በቁማር ማሽኖች ላይ ሳንቲም በወረቀት ትኬት ሲተካ በየወለሉ ሳንቲም እየዘረዘሩ የሚዞሩት ሠራተኞች ጠፉ። ነገሩ ወደኋላ የዞረበት ጊዜም አለ። በመስከረም 2023 ኤምጂኤም በመረጃ ጠላፊዎች ሲመታ ማሽኖቹ መክፈል አቁመው፣ የክፍል ቁልፎች አልሠራ ብለው፣ ሠራተኞች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው የተጫዋቾችን ገንዘብ በእጅ እየቆጠሩ ከፈሉ። ኩባንያው ጉዳቱን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ዲለር ሆኖ የጀመረ ማደግ ይችላል?

ይችላል፤ ግን ብዙዎች አይፈልጉም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የወለል ተቆጣጣሪ የሆነ ሰው ደመወዙ ይጨምራል፣ ከቲፑ ግን ይወጣል። ቲፕ በሚበዛበት ቤት አለቃው ከሚያዘው ዲለር ያነሰ ይዞ ይገባል። በ2006 ዊን ላስ ቬጋስ ተቆጣጣሪዎቹ ከዲለሮቹ ቲፕ እንዲካፈሉ ያደረገው ይህን ክፍተት እዘጋለሁ ብሎ ነበር። ዲለሮቹ ተቃወሙ፣ በቀጣዩ ዓመት ማኅበር ለመመሥረት ድምፅ ሰጡ፣ ክርክሩም ለዓመታት በፍርድ ቤት ተጓተተ። በ2018 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ ደግሞ አሠሪዎች፣ ሥራ አስኪያጆችና ተቆጣጣሪዎች የሠራተኞችን ቲፕ እንዳይወስዱ ከልክሏል።

ክፍተቱ ግን አልተዘጋም። አሁንም ብዙ ካዚኖዎች «ዱዋል ሬት» የሚሏቸው ሠራተኞች አሏቸው፤ በሳምንቱ ሁለት ቀን ኮት ለብሰው ተቆጣጣሪ፣ ሦስት ቀን ካርታ ይዘው ዲለር። ትናንት ያዘዘው ሰው ዛሬ ከእሱ ጎን ቆሞ እጁን አጨብጭቦ መዳፉን ለካሜራ ያሳያል። ሙሉ በሙሉ አለቃ እንዲሆን ሲጠየቅ የሦስቱን ቀን ቲፕ አስልቶ የሚመልስ ብዙ ነው።